የማንም ሰው ሥልጣን

ይህን የምጽፈው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሙኒክ ከተማ ዳርቻ በሚገኝ የስደተኞች መኖሪያ በር አጠገብ፣ በአንዲት ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው። ከፊቴ የተረኛ መዝገብ፣ የእጅ ባትሪና የቀዘቀዘ ሻይ አለ። ደረቴ ላይ ስሜ የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ ተሰክቷል። አንባቢ ሆይ፤ እኔ ቀን ቀን የመንግሥትን ምንነት የማጠና የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ ሌሊት ሌሊት ግን ዘበኛ ነኝ። ይህንን በራሴ እጅ በጽሑፍ ሳሰፍር የመጀመሪያዬ ነው። ወደዚህች ክፍል የሚያስገባው ፈቃድ የተገኘው በአርባ የትምህርት ሰዓትና በጥቂት ቅጾች ነው። ሆኖም በዚያች አጭር መንገድ ላይ በሰባት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያላገኘሁትን ነገር ስላገኘሁ፣ በየአገሩ ተበትናችሁ ለምትማሩና ለምትሠሩ ጓዶቼ ላጫውታችሁ ወደድሁ።

ነገሩ የተነሣው ከገንዘብ ነው። ጀርመን አገር ለትምህርት የሚቀመጥ የውጭ አገር ሰው የመኖሪያ ፈቃዱን ሲያሳድስ የሚተዳደርበት ገንዘብ እንዳለው ማስረዳት ይኖርበታል። ለዚሁ ማስረጃ በዝግ የባንክ ሒሳብ እንዲታይ የሚጠየቀው ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በዓመት ወደ 11,904 ዩሮ፣ ማለትም በወር ወደ 992 ዩሮ ከፍ አለ። የእኔ የነጻ ትምህርት ዕድል ያለቀው ደግሞ በዚያው መጸው ነበር። ሕጉ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን እንዲሠራ ስለሚፈቅድ ሥራ ፍለጋ ወጣሁ። ሳህን አጠብሁ፤ የሰው ዕቃ ተሸከምሁ፤ ጋዜጣ አደልሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ጓደኛዬ «ሌሊት ቁጭ ብለህ መጽሐፍህን እያነበብህ የሚከፈልህ ሥራ አለ» አለኝ። «ምንድን ነው?» አልሁት። ጥቂት አቅማማና «ዘበኝነት» አለ።

ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቃችን ግን ከጥርስ አላለፈም። በሚቀጥለው እሑድ ቡና ላይ ወሬው ቀድሞኝ ደረሰ። አንዱ ተነሥቶ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠኝ። ሌላው «ስለ መንግሥት ሥልጣን ስትመራመር ከርመህ እነሆ ሥልጣን ያዝህ» አለ። ያን ቀን በቀልድ አልፌው፣ ማታ ብቻዬን ስሆን ግን ቃሉ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ዘበኛ የሚለው ቃል በቋንቋችን ውስጥ የገጠመው ዕጣ ያስገርማል። በአንድ በኩል «ክቡር ዘበኛ» አለ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ዙፋን እንዲጠብቅ የተቋቋመው ያ ጦር፣ በአዛዡ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት ዙፋኑን ሊገለብጥ ተነሣ። የጄኔራሉ ወንድም ግርማሜ ንዋይ በአሜሪካን አገር ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነበር፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ለለውጡ ድጋፋቸውን ሊገልጹ ሰልፍ ወጥተው ነበር። እንግዲህ ተማሪና ዘበኛ በታሪካችን ውስጥ ለጥቂት ቀናትም ቢሆን በአንድ ወገን ቆመዋል። በሌላ በኩል ግን አሮጌ የወታደር ካፖርት ደርቦ፣ ዱላውን ታቅፎ፣ በየግቢው በር ሥር የሚያድረው ዘበኛ አለ። በሰፈራችን ነዋሪው ገንዘብ እያዋጣ የሚቀጥረው አንድ ሰው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስማር አምሽቼ በመጣሁ ቁጥር የመንገዱን መዝጊያ የሚከፍትልኝ እሱ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ አልፋለሁ፤ እሱም «እንደምን አመሸህ ጌታዬ» ይለኛል። ከገጠር እንደመጣ፣ ሴት ልጅም እንዳለችው አውቃለሁ። ስሙን ግን አላውቅም ነበር። ስለ ጭቁኑ መደብ የማስተርስ ማመልከቻ ስጽፍ እንኳ ስሙን አልጠየቅሁትም። ለሁላችንም «ዘበኛው» ነበር።

ስለዚህ ኅፍረቴ ሁለት ፊት ነበረው። አንደኛው «እኔ እንዴት ዘበኛ እሆናለሁ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ማሰቤ ራሱ ያሳፍረኝ ነበር። ሁለቱም አብረውኝ ወደ ትምህርቱ ክፍል ገቡ።

በጀርመን ሕግ ማንም ሰው ልብስ ለብሶ ዘበኛ ነኝ ማለት አይችልም። በሥራ ፈቃድ ሕጉ ቁጥር 34ሀ መሠረት ከሁሉ ትንሹ ግዴታ በከተማው የኢንዱስትሪና የንግድ ምክር ቤት የሚሰጥ የአርባ ሰዓት ትምህርት ነው፤ አንዱ ሰዓት አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ፈተና የለውም፤ ግን መምህሩ በቃልና በጽሑፍ እየጠየቀ መግባቱን ያረጋግጣል፤ የቀረበትም ሰው የምስክር ወረቀቱን አያገኝም። ገበያ ውስጥ ሌባ ለመጠበቅ፣ በሕዝብ መንገድ ላይ ለመዘዋወር፣ በጭፈራ ቤት በር ላይ ለመቆም፣ ወይም በስደተኞች መኖሪያ የዘበኞች አለቃ ለመሆን የፈለገ ግን ከዚህ የከበደ፣ የጽሑፍም የቃልም ያለበት የሙያ ፈተና ማለፍ አለበት። እኔ ለተራ ዘበኝነት ስለነበር ትንሹ በቃኝ። ክፍያው የወር ኪራዬን የሚያህል ስለነበረ ከሁለት ወዳጆቼ ተበድሬ ከፈልሁ።

አሥራ ስምንት ነበርን። አፍጋኖች፣ ሶርያውያን፣ ናይጄሪያውያን፣ አንድ ቱርካዊ፣ ዳቦ ቤቱ ተዘግቶበት ሙያውን የለወጠ አንድ ሽማግሌ ባቫሪያዊም ነበሩ። መምህራችን በጡረታ የተገለሉ የፖሊስ መኮንን ናቸው። በመጀመሪያው ጠዋት ሰላምታ እንደሰጡን እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «በሚመጣው ወር ልብሱን ለብሳችሁ በር ላይ ስትቆሙ፣ ዛሬ የሌላችሁ ምን ሥልጣን ይኖራችኋል?» አንዱ «መፈተሽ» አለ። ሁለተኛው «መታወቂያ ማስወጣት» አለ። ሦስተኛው «ማሰር» አለ። እኔ ጥያቄው በሙያዬ መጣልኝ ብዬ እጄን አወጣሁና፣ መንግሥት ለብቻው ከያዘው ሕጋዊ የኃይል ሥልጣን ቆርሶ በውክልና ስለሚያስተላልፈው ድርሻ ረጅም ማብራሪያ ሰጠሁ። ሰውየው እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቁኝ። ከዚያም ወደ ሰሌዳው ዞረው በጠመኔ አንድ ትልቅ ዜሮ ሳሉ። «ይኸን ያህል» አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ጆሮዬ ጋለ።

በዜሮው ሥር አንድ የጀርመንኛ ቃል ጻፉ፤ «የደርማን»። ትርጉሙ «ማንም ሰው» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሁሉ የተማርነው የዚህን ቃል ትርጓሜ ነው ብል ከእውነት አልርቅም። ዘበኛ ያለው መብት ማንም ሰው ያለው መብት ነው። በእርሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ የሚቃጣን ሕገ ወጥ ጥቃት፣ ጥቃቱ በሚደርስበት ሰዓትና በሚያስፈልገው መጠን ሊከላከል ይችላል፤ ይህን ማንም ሰው ይችላል። ወንጀል ሲሠራ እጅ ከፍንጅ የተገኘ ሰው የሚያመልጥ መስሎ ከታየ፣ ወይም ማንነቱን ወዲያው ለማወቅ ካልተቻለ፣ ፖሊስ እስኪመጣ ሊይዘው ይችላል፤ ይህም በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋቸው በቁጥር 127 ለማንም ሰው የተሰጠ ነው። ከዚህ አልፎ ሰውን የያዘ ግን ራሱ ወንጀለኛ ነው፤ የሰውን ነጻነት መንፈግ እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል። በተረፈ ቤቱ የባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱም እንግዳን የመቀበልና ያለመቀበል መብቱን በውክልና ለዘበኛው ይሰጣል። ይኸው ነው። ግዴታም አለ፤ ሰው አደጋ ላይ ወድቆ እያየ ሊረዳው ሲችል ዝም ብሎ ያለፈ በቁጥር 323ሐ ይቀጣል። እሱም ማንንም ሰው ይመለከታል።

ደንቡ ይኸንን ዜሮ እንዳንረሳው በየአቅጣጫው አጥር ሠርቶለታል። አሠሪው ለዘበኛው በሚሰጠው የሥራ መመሪያ ላይ ዘበኛ የፖሊስም ሆነ የማናቸውም የመንግሥት ባለሥልጣን ማዕርግና ሥልጣን እንደሌለው በጽሑፍ መግለጽ አለበት። የሚለብሰው ልብስ ከወታደርና ከፖሊስ ልብስ ጋር የሚምታታ መሆን የለበትም። በስደተኞች መኖሪያና በመሳሰለው ቦታ የሚሠራ ዘበኛ ስሙን ወይም የመለያ ቁጥሩን በሚታይ ቦታ ላይ ማድረግ ይገባዋል። ይህንን ስሰማ የሰፈራችን ዘበኛ ትዝ አለኝ፤ ካፖርቱ በትክክል የወታደር ነበር፤ ስሙ ግን የትም አልተጻፈም።

በሦስተኛው ቀን መምህሩ ፎቶግራፍ አሳዩን። እ.ኤ.አ. በ2014 በኖርድራይን ቬስትፋለን ክፍለ ሀገር፣ ቡርባኽ በተባለ ቦታ በነበረ የስደተኞች መጠለያ የተነሣ ነው። አንድ ዘበኛ እጁ የታሰረ፣ መሬት ላይ የተዘረጋ ስደተኛ አንገት ላይ እግሩን አሳርፏል። ያ ሥዕል በጋዜጣ ወጥቶ አገሩ ታመሰ፤ ሰዎችም ፍርድ ቤት ቀረቡ። ሕጉ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ጠበቀ፤ ከሰኔ 1 ቀን 2019 ጀምሮም የዘበኞች ሁሉ ማዕከላዊ መዝገብ ተከፈተ። መምህሩ ይህን ሲያስረዱ ከኋላ የተቀመጠው ሶርያዊ እጁን ሳያወጣ ተናገረ። «እኔ እንደዚህ ባለ ቤት ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። ማንም አልመታኝም። ግን ዘበኛው በሬን ሳያንኳኳ ይከፍት ነበር።» መምህሩ ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥለውም የጀርመንን መሠረታዊ ሕግ ቁጥር 13 በቃላቸው አሉልን፤ የሰው መኖሪያ አይደፈርም። «አንድ ክፍልም ብትሆን፣ አልጋውም የመንግሥት ቢሆን፣ ለሚተኛበት ሰው ቤቱ ናት። ነፍስ የሚያሰጋ አደጋ ካልደረሰ በቀር ታንኳኳላችሁ፤ ትጠብቃላችሁ፤ ካልተከፈተላችሁም ትመለሳላችሁ» አሉ። ሶርያዊው በማስታወሻው ላይ ጻፈው። እኔም ጻፍሁት።

ማታ በትራም ስመለስ ማክስ ቬበርን አሰብሁ። መንግሥት ማለት በአንድ ግዛት ውስጥ ሕጋዊ ኃይልን የመጠቀም መብት የእኔ ብቻ ነው ብሎ ያስቻለ ኅብረት ነው የሚለውን ትርጓሜ፣ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ የሆነ ሁሉ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ቬበር ይህንን የተናገረው እዚሁ ሙኒክ፣ በሽዋቢንግ ሰፈር በሚገኝ የአንድ መጻሕፍት መደብር አዳራሽ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1919 ነው። የጋበዘውም የተማሪዎች ማኅበር ነበር። ከተማው በዚያን ጊዜ በአብዮት ይናወጥ ነበር፤ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ የባቫሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኩርት አይስነር መንገድ ላይ ተገደለ። ያ ንግግር ለእኔ እስከዚያ ማታ ድረስ ስለ ትልልቅ ነገር ነበር፤ ስለ ጦር፣ ስለ ፓርቲ፣ ስለ ቤተ መንግሥት። የመንግሥት ኃይል የት ላይ እንደሚያልቅ ግን ያሳየኝ የአንድ ጡረተኛ የጠመኔ ዜሮ ነው። የሚያልቀው በበሩ ላይ በቆመው ሰው ደረት ላይ ነው።

የምስክር ወረቀቱን ከተቀበልሁ በኋላ የቀረው የታማኝነት ምርመራ ነው። አሠሪው ስሜን ወደ መዝገቡ ያስገባል፤ ባለሥልጣኑ የወንጀል መዝገብና ፖሊስ ይጠይቃል። የስደተኞችን መኖሪያ ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ የአገሩ የጸጥታ መሥሪያ ቤት ይጠየቃል፤ ስሙ በአማርኛ ሲመለስ «የሕገ መንግሥት ጥበቃ» ይሆናል። ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ አንድም ሌሊት መሥራት አይቻልም። ቅጹ ያለፉትን አምስት ዓመታት አድራሻ፣ ከነመንገዱ ስምና ከነቤቱ ቁጥር ይጠይቃል። የአዲስ አበባው ቤታችን የመንገድ ስም የለውም። ብዙ ካሰብሁ በኋላ እናቴ ዛሬም እንደምትጠራው ቀበሌያችንንና የቤት ቁጥራችንን ጻፍሁ። ያን ቃል በጀርመን ቅጽ ላይ በላቲን ፊደል ስጽፈው ለምን እጄ እንደከበደኝ በዚያን ሰዓት አልገባኝም።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር ነበር። በሕጉ መሠረት አመልካቹ ባለፉት ሦስት ዓመታት በጀርመን ወይም በአውሮፓ ኅብረት አገር ካልኖረና ታማኝነቱን ለማረጋገጥ ካልተቻለ ፈቃዱ ይከለከላል። እኔ አራት ዓመት ስለሞላኝ ከዚህ አመለጥሁ። ባላመልጥ ኖሮ ግን ምን ይበጀኝ ነበር? የመልካም ጠባይ ወረቀት ስጡኝ ብዬ አገሬ ላይ የምጠይቀው መሥሪያ ቤት፣ ስለ ጻፍኋቸው ነገሮች እኔን ሊጠይቀኝ የሚፈልገው መሥሪያ ቤት ነው። ብዙዎቻችሁ ይህን ዓይነቱን ቋጠሮ ታውቁታላችሁ። ሰባት ሳምንት ጠበቅሁ። በስምንተኛው ሳምንት ፈቃዱ መጣ፤ የመዝገብ ቁጥርና ፎቶግራፍ ያለበት መታወቂያም ተሰጠኝ። ለደረቴ ሰሌዳ ስም ወይስ ቁጥር እንደምመርጥ ተጠየቅሁ። ባልደረቦቼ አብዛኞቹ ቁጥር መርጠዋል፤ ምክንያትም አላቸው። እኔ ስሜን አልሁ።

በዚያው ቀን ለእናቴ ደወልሁላት። እውነቱን ለመናገር ደፍሬ አይደለም፤ ከጎረቤት ልጅ አፍ ከምትሰማው ብዬ ነው። ዘበኛ የሚለውን ቃል ሸሽቼ በአሁኑ አነጋገር «እማዬ፣ ጥበቃ ተቀጠርሁ» አልኋት።

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። አፍራብኝ ነው ብዬ ንግግሬን አበዛሁ፤ ለጊዜው እንደሆነ፣ ሌሊት እንደማነብ፣ ትምህርቴን እንዳልተውሁ፣ እዚህ አገር ሥራ እንደማይናቅ ነገርኋት። ሁሉንም ሰማችኝ። ከዚያ በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የሰው በር በሌሊት ታንኳኳለህ?»

እናቴ በ1970 ዓ.ም. የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ታላቅ ወንድሟን «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች፤ እኔም በሌላ ስም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። በቀይ ሽብር እንደሞተ አውቅ ነበር፤ ፎቶግራፉም በሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ። እንዴት እንደተወሰደ ግን ነግራኝ አታውቅም ነበር። ያን ማታ ነገረችኝ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ከመጡት መሣሪያ ከያዙት መካከል አንዱ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ከወንድም ጋሼ ጋር በጨርቅ ኳስ አብሮ ያደገ። አያቴ አወቁት፤ በስሙም ጠሩት። «አንተ፣ ምን ወረቀት ይዘህ ነው ልጄን የምትወስደው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ በስሙ መጠራቱን እንዳልሰማ ሆኖ «አብዮት ጥበቃ ነኝ» አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ወንድም ጋሼ ጫማውን እንኳ አላሰረም ነበር።

«እኔ ጥበቃ ስትለኝ» አለች እናቴ፤ አልጨረሰችውም።

ስለ መንግሥት ኃይል ምንነት ላስረዳት አልሞከርሁም። የዜሮውን ነገር ነገርኋት። «እማዬ፣ እኔ እኮ ምንም ሥልጣን የለኝም። መፈተሽ አልችልም፤ ማሰር አልችልም፤ በር ሰብሬ መግባት አልችልም። መንገድ የሚሄድ ሰው ካለው ሥልጣን የእኔ በስንዝር አይበልጥም» አልኋት።

ጥቂት አሰበችና «ታዲያ ለምንድን ነው የሚከፍሉህ?» አለች።

«በር እንድከፍት» አልኋት። ያን ጊዜ ሳቀች።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አልተኛሁም። በ1969 ዓ.ም. ደርግ የየቀበሌውን አብዮት ጥበቃ ሲያስታጥቅ ምን እንዳደረገ በመጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ በየሴሚናሩም ተከራክሬበታለሁ። ከሌላውም ወገን ጥይት ይተኮስ እንደነበር አውቃለሁ። ግን ነገሩን ከበሩ በኩል ያየሁት በዚያች ሌሊት ነው። ቬበር የመንግሥት ብቻ ነው ያለው ኃይል ተቆራርሶ ለሰፈር ልጅ ታደለ፤ ልጁም ማንም ሰው መሆኑ ቀርቶ «አብዮት ጥበቃ» ሆነ። ማንም ዜሮ አልሳለለትም። የሚያሳዝነው ደግሞ ሕጉ በአገራችን ያልነበረ አለመሆኑ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣውን የእኛን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፈልጌ አነበብሁ። በቁጥር 50 እጅ ከፍንጅ የሆነን የተወሰነ ክብደት ያለው ወንጀል የሠራን ሰው ማንኛውም ሰው ያለ መያዣ ትእዛዝ ሊይዝ እንደሚችል ይናገራል። ጀርመኖቹ «የደርማን» የሚሉትን ቃል እኛም ጽፈነው ነበር። ወንድም ጋሼ በተወሰደበት ሌሊት ይህ ቁጥር በመጽሐፉ ውስጥ ነበረ፤ በሩ ላይ ግን አልነበረም። ያንን ሕግ ለማንበብ የዘበኝነት ትምህርት እስክገባ መቆየቴ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪነቴን አያስመሰግነውም።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለእኔም ለእናቴም መልካም ነበር። ግን አላበቃም።

ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ወር፣ በጥር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሁለተኛው ፎቅ የጢስ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። መመሪያው ግልጽ ነው፤ 112 ትደውላለህ፤ ሰው ታስወጣለህ። ደወልሁና በደረጃው ሮጥሁ። ኮሪደሩ ጢስ ጢስ ይሸታል። ከጫፍ ጀምሬ በሮቹን በጡጫ መደብደብ ያዝሁ። ትምህርቱ «ታንኳኳላችሁ፤ ትጠብቃላችሁ» ይል ነበር፤ ለመጠበቅ ግን ጊዜ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ከፈቱልኝ። ምንም ሳልናገር ቁጭ ብለው ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ፤ ከአልጋቸው ራስጌ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ተዘጋጅታ ቆማለች። ወደ ሚቀጥለው ሄድሁ። ሦስተኛውን በር የከፈተችው ወጣት ሴት ነበረች። ልጇ ቀሚሷን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል። እኔን እንዳየች ሁለቱንም እጆቿን ከፍ አደረገች። በጀርመንኛ ስጮህባት ሳትሰማኝ በአማርኛ «ምን አጠፋን?» አለች።

በዚያች ቅጽበት አያቴ የከፈቱትን በር አየሁ፤ እኔ የቆምሁት ግን ከውጭ በኩል ነበር።

«ምንም አላጠፋችሁም፣ እኅቴ፤ እሳት ነው፤ ውረዱ» አልሁ። አማርኛ ስትሰማ እጇ ወረደ፤ ልጁን ብድግ አድርጋ ሮጠች።

እሳት እንኳ አልነበረም። አንድ ሰው ወተት ጥዶ እንቅልፍ ወስዶት ኖሯል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው መስኮቶቹን ከፋፍተው ሄዱ። ሰዉ በበረዶው ግቢ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲጠብቅ ያቺ ሴት ወደ እኔ ቀረበችና በመብራቱ ደረቴ ላይ ያለውን ሰሌዳ አነበበች።

«ስምህ የእኛ አገር ስም ነው» አለች።

«አዎ።»

«ዘበኛው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ልጁን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው፤ ለታናሽ ወንድም እንደሚነገር ነበር። «እንግዲያውስ ሌላ ጊዜ በሌሊት ስታንኳኳ መጀመሪያ ስምህን ተናገር። ከውስጥ ያለ ሰው ማን እንደመጣበት ይወቅ።»

በአርባው ሰዓት ትምህርት ውስጥ ይህ አልነበረበትም። ስሜን ደረቴ ላይ ለጥፌ ግዴታዬን የጨረስሁ መስሎኝ ነበር፤ በተዘጋ በር ላይ ግን ሰሌዳ አይነበብም። ከዚያ ሌሊት ወዲህ የማንንም በር ሳንኳኳ፣ ለታመመ ሰው ሐኪም ይዤ ስመጣም ሆነ የጠፋ ቁልፍ ስመልስ፣ አስቀድሜ ስሜን እናገራለሁ። ቀጥዬ የመጣሁበትን ጉዳይ እናገራለሁ። «ጥበቃ ነኝ» ብዬ አልጀምርም። ባልደረቦቼ መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ አሁን ከመካከላቸው ሁለቱ እንደ እኔ ያደርጋሉ።

ጓዶች፣ እኛ በየማኅበራችን ስንሰበሰብ ስለ ሥልጣን ብዙ እንናገራለን፤ ማን እንደያዘው፣ ለማን እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚወሰድ። ከእኛ በፊት የነበረውም ትውልድ ይህንኑ ሲከራከር ሌሊቱ ይነጋበት ነበር። በሩ ላይ ለሚቆመው ልጅ ግን ምን እንደማይፈቀድለት የሚያስተምር ሰው አስቀድሞ አላዘጋጀም። አንድ ቀን አገራችን ስንገባ ከመካከላችን አንዳንዱ ቢሮ ይሰጠው ይሆናል፤ ለአንዳንዱ ደግሞ በር። በር የሚደርሰው ሰው አርባ ሰዓት ይማር እላለሁ። መጀመሪያውም ያ ዜሮ ይሁን።

የአዲስ አበባውን የሰፈር ዘበኛ ስም እንድትጠይቅልኝ እናቴን ለምኛት ነበር። ሰውየው ከሁለት ዓመት በፊት ወደ አገሩ እንደተመለሰ ነገረችኝ። ስሙንም ከጎረቤት ጠይቃ አመጣችልኝ፤ በደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

የጥሩን ሌሊት ነገር ግን እስካሁን አልነገርኋትም። በየሳምንቱ ስንነጋገር «በር ትከፍታለህ አይደል?» ትለኛለች። «እከፍታለሁ፣ እማዬ» እላታለሁ። እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። አንድ ቀን እነግራት ይሆናል። አሁን የመስታወቱ በር ተንኳኩቷል፤ ከሌሊት ሥራ የተመለሰ ሰው ነው፤ ተነሥቼ ልክፈትለት።